ለአጭር ስኪም የሚለቅ ማሰሪያ

ዛሬ ላቭላንድ ዋልን። ከዴንቨር በአይ-70 አውራ ጎዳና ሽቅብ ሲወጣ፣ የአይዘንሃወር ዋሻ አጠገብ ያለው የስኪ ቦታ ነው። በረዶው ጠዋት ጠጣር ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ግን ከበድ አለ። አዲሱን ስኪቦርዴን ለመሞከር ጥሩ ቀን።

ስኪቦርድ ለማታውቁ፦ አንድ ሜትር አካባቢ የሆነ፣ ጫፎቹ ፊትም ኋላም ወደ ላይ የታጠፉ፣ ያለ ዱላ የሚነዳ አጭር ስኪ ነው። የለመደ ሰው ርዝመት መምረጥ አይከብደውም። እኔ 99 ሴንቲ ሜትሩን ወሰድኩ። ዋናው ጉዳይ ጫማውን ከስኪው ጋር የሚይዘው ማሰሪያ ነው።

ብዙ ስኪቦርድ የሚሸጠው ከማይለቅ ማሰሪያ ጋር ነው። ቀላል ነው፣ ዋጋውም ረከስ ይላል። «አጭር ስለሆነ ምን ይጎዳል?» ይባላል። በጭራሽ አልስማማም። ስኪው ተጠምዝዞ ጫማው ካልለቀቀ ኃይሉ በሙሉ ቅልጥም ላይ ያርፋል። በማይለቅ ማሰሪያ የቅልጥም ስብራት እንደሚበዛ ሐኪሞችም ጽፈዋል።

ከሰዓት በኋላ የግራ ስኪዬን ጠርዝ ከባዱ በረዶ ያዘው። የሚለቀው ማሰሪያዬ ቷ ብሎ ለቀቀ! ፍሬኑ ወርዶ ስኪው እዚያው ቆመ። የጫማዬን ሶል ከበረዶ ጠረግኩ፣ ጫፉን አስገባሁ፣ ተረከዙን ረግጬ ገጠምኩና ቀጠልኩ። ቅልጥሜ ደህና፣ ጉልበቴ ደህና፣ ተመስገን።

የሚለቅ ማሰሪያ ክብደት ይጨምራል፣ እውነት ነው፤ ሲዘሉ ይታወቃል። ቢሆንም እሱኑ እመርጣለሁ። ማሰሪያው በምን ያህል ኃይል እንደሚለቅ የሚወስነውን፣ ዲን የሚባለውን ቁጥር ግን በግምት እንዳታስተካክሉት። የሚሰላው በክብደት፣ በቁመት፣ በዕድሜ፣ በጫማ ሶል ርዝመትና በአነዳድ ነው። ባለሙያ በመሣሪያ ይፈትሽላችሁ። ጫማ ከቀየራችሁ ደግሞ እንደገና።