ባጃጁ ባዶውን እንዳይመለስ

የማኅበር ቤት ሠርቶ የገባ ሰው ኪሱ ባዶ ነው። ብረቱ፣ ሲሚንቶው፣ የግንበኛው ሒሳብ ተባብረው ጨርሰውታል። እኛም ኮምቦልቻ ዳር ያለው አዲሱ ሰፈራችን ስንገባ እንደዚያው ነበርን። ከቤት ኪራይ ተገላገልን ብለን ሳንጨርስ ሌላ ኪራይ መጣ፤ የባጃጅ ኮንትራት። እህል ለማስፈጨት ኮንትራት፣ ልጅ ትምህርት ቤት ለማድረስ ኮንትራት፣ ለቅሶ ለመድረስ ኮንትራት። ወር ሲሞላ ሲደመር ከድሮው የቤት ኪራይ የማይተናነስበት ቤት ነበር።

እኔ የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ። ሥራዬ ቃለ ጉባኤ መያዝና መዋጮ መሰብሰብ ነው። ስለ ትራንስፖርት የተማርኩት ነገር የለም። ግን መዋጮ ሰብሳቢ ስለሆንኩ የሰው ብር የት እንደሚሄድ ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ። «እህቴ፣ በዚህ ወር እለፊኝ፣ ባጃጅ ጨረሰኝ» ይሉኛል። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ታሪፍ ሲወጣ እንጂ ሲወርድ አላየንም። ስለዚህ ነገሩን በኪስ በኩል ነው የጀመርኩት። ጭሱና አቧራው በኋላ መጣ። አሁንም ቢሆን ለጎረቤት ስለ አየር ንብረት ከማውራት ስለ ባጃጅ ሒሳብ ማውራት ይቀለኛል።

መጀመሪያ ማንንም «በእግራችሁ ሂዱ» አላልኩም። ቡና ላይ ነው የጠየቅሁት። አቦሉ ላይ ሰው ገና ወሬውን አልጀመረም፤ ቶናው ላይ «በዚህ ሳምንት የት የት ሄዳችሁ?» አልኩ። ለምን፣ ከማን ጋር፣ በምን። ደብተር ይዤ ስጽፍ «አንቺ ደግሞ ገቢዎች ገባሽ እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። ከአንዱ ቤት ቡና ወደ ሌላው ቤት ቡና እየዞርኩ ስሰበስብ ግን ያልጠበቅሁት ነገር ወጣ። ገንዘቡን የሚበላው ሥራ መሄድ አልነበረም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩት ልጆች ሰርቪስ አላቸው። ገንዘቡን የሚበሉት ትንንሾቹ ጉዞዎች ናቸው። ወፍጮ፣ ሽንኩርት፣ ዳቦ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ ቅሬ (ሌላ አገር ዕድር የምትሉት ነው)። እያንዳንዱ ቤት ለየብቻው፣ በየራሱ ባጃጅ።

ከዚያ ሌላ ነገር ጠየቅሁ፤ ለምን በእግር አይሆንም? መልሱ ሁሉ ወደ አንድ ቦታ አመራኝ፤ ወደ ቦረቦሩ። ባጃጅ የሚሄድበት መንገድ ዞሮ ዞሮ አስፋልቱ ጋ ለመድረስ ሁለት ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ቦረቦሩን ቆርጦ ለሚሄድ ግን ከግማሹ ያንሳል። ጤነኛ ሰው በሰዓት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይራመዳል። ስለዚህ አስፋልቱ አሥር፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው ማለት ነው። ባጃጅ ደውሎ ከመጠበቅ ይፈጥናል። ችግሩ ቦረቦሩ ውስጥ መውረድና መውጣት አለ። ወሎ ደግሞ ጭቃው ሁለት ጊዜ ነው፣ በበልግም በክረምትም። ጥቁሩ አፈር ሲርስ ጫማ ያስቀራል። ሽክ ብላ ለሥራ የወጣች ልጅ ያንን እንድትወርድ መምከር ቀልድ ነው።

ከተማ አስተዳደሩ ጋ ማመልከቻ ይዘን ሄድን። ማመልከቻው ላይ አንድ ነገር ጨመርኩበት። ትራንስፖርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚሠራበት የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አለ። ለእግረኛና ለብስክሌት መንገድ እንዲሠራ፣ ከተሞች ለዚያ በጀት እንዲይዙ ይላል። ይህን ጠቅሶ የጻፈ ማኅበር ብዙ አልገጠማቸውም መሰለኝ፤ የተቀበሉን ሰውዬ ደጋግመው አነበቡት። የሲሚንቶ ቱቦ ፈቀዱልን። ድንጋዩና ጉልበቱ የእኛ ሆነ። ስለዚህ ወደ ቢሮ ለሚሄድ ሰው የምመክረው «መንገድ ይሠራልን» ብሎ ብቻ እንዳይሄድ ነው። ትንሽና የሚቆጠር ነገር ይጠይቅ፤ ቱቦ፣ ሽቦ፣ ሁለት መኪና ገረጋንቲ።

ከዚያ ጅጌ ጠራን። ቅዳሜ ነው የመረጥነው፤ ዓርብ ጁምዓ አለ፣ እሑድ ቅዳሴ አለ። ወንዶቹ ድንጋይ በሽቦ አስረው የቦረቦሩን ጎን ደገፉ፣ ቱቦውን ቀበሩ፣ ከላይ ገረጋንቲ ደለደሉ። ሴቶቹ ንፍሮና ቡና ይዘን ወጣን፤ ድንጋይ ያቀበልነውም ብዙ ነን፣ እሱን ወንዶቹ ሲያወሩ አይጠቅሱትም። ስፋቱ ላይ ተከራከርን። አንዱ «ባጃጅ እንዲያልፍ አድርገን እንሥራው» አለ። እኔ አጥብቄ ተቃወምኩ። ባጃጅ ካለፈ እግረኛው ዳር ይይዛል፤ ዳር የያዘ እግረኛ ደግሞ ቦረቦር ውስጥ ነው የሚወድቀው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን፣ ወይም አንድ ሰውና አንድ ብስክሌት የሚያሳልፍ አድርገን ጨረስነው። ለሽማግሌዎች የባሕር ዛፍ መደገፊያ ተተከለለት።

መንገዱ ቀን ቀን ወዲያው ሞላ። ማታ ግን ባዶ ነበር። ጅብ አለ። ከጅቡ በላይ የሚያስፈራው ደግሞ ጨለማው ነው፤ በተለይ ከማታ ፈረቃ ለሚመለሱ ሴት ልጆች። ሦስት ነገር አደረግን። በመንገዱ ዳር ያሉ ቤቶች የአጥር አምፖላቸውን ወደ ውጭ አዞሩ፤ የዚያን መብራት ሒሳብ ማኅበሩ ይደጉማል። የማኅበሩ ዘበኛ የሚቀመጥበትን ቦታ ከዋናው በር አንስተን መንገዱ አፍ ላይ አደረግነው። ፋብሪካውን ደግሞ ሰርቪሱ ድሮ ከሚያወርድበት ቦታ ወደ መንገዳችን አፍ እንዲጠጋ ጠየቅን፤ ልጆቹ አብረው ወርደው አብረው ይገባሉ። መብራት በጠፋ ቀን ስልካቸውን አብርተው በቡድን ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ የረዳው ግን እኛ ያላቀድነው ነገር ነው። መንገዱ አፍ ላይ ሰው ሲበዛ ጉልት መጣ። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ጎመን፣ ማታ ማታ የተጠበሰ በቆሎ። ሻጮቹ እስኪመሽ ስለሚቆዩ መንገዱ ዓይን አገኘ። ሽንኩርት ለመግዛት ባጃጅ መያዝም በዚያው ቀረ።

ወፍጮው በሌላ መንገድ ተፈታ። አንድ አባላችን ባለ ሦስት ፌዝ መብራት አስገብቶ ወፍጮ ተከለ። ማኅበሩ ያደረገው ነገር ቢኖር ጎረቤት በጩኸቱ እንዳይጣላ ሰዓቱን መወሰን ነው። ኩንታል ጭኖ ይመላለስ የነበረው ባጃጅ እስከ ዛሬ ቅር ብሎታል።

ቅሬው ከባድ ነበር። ሁላችንም ከየድሮ ሰፈራችን ቅሬ ጋር ነው የመጣነው። አንዱ የኮምቦልቻ መሐል፣ አንዱ የደሴ፣ አንዱ የገጠር። ሰው ሲሞት፣ መዋጮ ሲደርስ፣ ሰርግ ሲኖር ሁሉም ወደየድሮው ይሄዳል፣ በኮንትራት። አዲስ ቅሬ እናቋቁም ሲባል አዛውንቶቹ ተቆጡ። ከደሴ የመጡ አንድ አባት «ልጄ፣ አባቴን የቀበረልኝን ቅሬ ባጃጅ ተወደደ ብዬ ልተው?» አሉኝ። እኔም «አንቱ አባባ፣ ማን ይተዉ አለ?» ብዬ ዝም አልኩ። እውነታቸውን ነው። ቅሬ እንደ ሲም ካርድ አይቀየርም።

መፍትሔው የመጣው ከሴቶች ቡና ነው። የድሮው ቅሬ አይነካ፤ ግን የሰፈሩ ቅሬም ይኑር፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ፣ እንደ ወትሮው። የራሱ ድንኳን፣ የራሱ ድስት፣ የራሱ አግዳሚ። ከዚህ በፊት ዕቃ ለመዋስና ለመመለስ ብቻ ስንት ጊዜ ይኬድ ነበር! ለቅሶው ሩቅ ሲሆን ደግሞ የቅሬው ጥሩምባ ነፊ የሚሄደውን ሰው ሰብስቦ አንድ ሚኒባስ ይይዛል። ሰዓት ተቆርጦ፣ አብሮ ተሂዶ፣ አብሮ ይመጣል። ለአዲስ ሰፈር ነዋሪ የትራንስፖርት ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ቢኖር ከሥራና ከትምህርት ቤት ቀጥሎ ለቅሶን ይጻፍ እላለሁ። በእኛ አገር ሰው ሥራ ሊቀር ይችላል፤ ለቅሶ አይቀርም።

ባጃጅን ግን ጠላት አላደረግንም። ሽማግሌ አለ፣ ነፍሰ ጡር አለች፣ ዝናብ አለ። የባጃጅ ልጆቹን ጠርተን ለምን ኮንትራት ብቻ እንደሚሉ ጠየቅናቸው። አንዱ ፈርጠም ብሎ «እናንተን አድርሼ ባዶዬን ነው የምመለሰው። የመመለሻውን ማን ይከፍለኛል?» አለ። ሌላው ስለ ጎማው ማለቅ ተናገረ። ሁለቱም ልክ ናቸው። እኛ ስንከፍል የነበረው የሁለት ጉዞ ዋጋ ነበር ማለት ነው፤ አንዱ ሰው የሌለበት። ስለዚህ ጥያቄው ባጃጁ ባዶውን እንዳይመለስ ምን እናድርግ የሚል ሆነ። ጠዋት ተማሪና ሠራተኛ ይወጣል፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሰፈሩ የሚገቡ ግንበኞችና የቤት ሠራተኞች አሉ። እነዚህን አገናኘናቸው። ሱቁ በር ላይ ተራ ተያዘ፤ ሦስት ሰው ሲሞላ ይነሳል፣ ሒሳብ በሰው ነው። ባለ ሱቁ ተራውን ይጠብቃል፤ በዚያው ማስቲካና ካርድ ይሸጣል፣ እሱም አልከሰረም። ጎማ ለሚበላው ቁራጭ መንገድ ማኅበሩ ገረጋንቲ ደፋ። በጠዋትና በማታ ኮንትራት የሚጠራ ሰው አሁን ጥቂት ነው። እኩለ ቀን ላይ ግን ተራው ዛሬም ይላላል፤ ለዚያ መላ አላገኘንም።

ልጆቹን በእግር መላክ የተጀመረው በወላጅ ተራ ነው። ዛሬ አንቺ፣ ነገ እኔ፣ ከነገ ወዲያ ጋሼ። ልጆቹ ሰልፍ ይዘው፣ ትልልቆቹ ትንንሾቹን ይዘው፣ አስፋልቱን ሲሻገሩ አንድ ትልቅ ሰው መሐል ቆሞ። ከወላጆች ሁሉ ጠንካራው ጡረታ የወጡ አንድ አያት ሆኑ። ስኳር አለባቸው፤ ሐኪም ተንቀሳቀሱ ብሏቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል ብዬ ስነግራቸው «አብሽሪ፣ እኔ የእነዚህን ውሪዎች ቦርሳ ብቻ ተሸክሜ እሞላዋለሁ» አሉኝ።

ብስክሌት ላይ ብዙ አልናገርም። ኮምቦልቻ ሜዳ ስላላት ይመቻል፤ ወንዶች ልጆችና ሁለት መምህራን ይነዳሉ። ሴት ልጆች ግን መማር የሚፈልጉት ሰው በማያይበት ሰዓት ነው። መለዋወጫውም ውድ ነው። ወደ ደሴ ለሚመላለሱት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከ1,850 ሜትር አካባቢ ተነስቶ በሐረጎ ዳገት ወደ 2,500 ሜትር ይወጣል። ለእነሱ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን። መኪና ያለው ማታ «ነገ 1 ሰዓት እወጣለሁ፣ ሁለት ቦታ አለኝ» ብሎ ይጽፋል፤ ነዳጅ ይጋራሉ። አንድ ጎረቤታችን ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለተከለከለ ኤሌክትሪክ መኪና ስንገዛ ይህ ሁሉ ይቀራል ይላል። ይግዛ። ግን ኤሌክትሪክም ቢሆን አንድ ሰው ብቻውን ይዞት ሲሄድ ያው መንገድ ያጣብባል።

በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች «መንገድ ለሰው» ብለው መኪና የሌለበት ቀን ሲጀምሩ እኔም ወድጄው ነበር። ሰፈራችንም አንድ እሑድ እንዲያደርግ ሐሳብ አቅርበው የነበሩ አሉ። እኔ ባነርና ቲሸርት አላጓጓኝም። ያንን ብር ዛፍ ላይ አዋልነው፤ የኮምቦልቻ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አያስኬድም። ፍየሎቹ መጀመሪያ የተከልነውን በሉት። ሁለተኛውን በእሾህ አጥረነዋል፤ ግራቪሊያው ተሽሏል።

ከሁሉ ያየሁት ልዩነት በቀድሞና በአዲስ ገቢ መሐል ነው። ቀድመን የገባነው ኮንትራት ከለመድን በኋላ ስለሆነ ለመተው ጊዜ ወስዶብናል። መንገዱና ተራው ካለቀ በኋላ የገቡት ግን እንደዚያ አልነበሩም። ቁልፍ ሲረከቡ እኔ ራሴ ወይም ሌላ የኮሚቴ አባል ይዘናቸው ወደ አስፋልቱ በእግር እንወርዳለን። ወፍጮው ይኸውና፣ ጉልቱ ይኸውና፣ ባጃጁ በዚህ ሰዓት ይነሳል፣ ሒሳቡ ይህን ያህል ነው። ዕቃቸውን ሳይፈቱ ነው ይህን የምናደርገው። አብዛኞቹ የባጃጅ ሹፌር ስልክ ቁጥር ሳይመዘግቡ ነው የለመዱት።

አሁን ከኋላችን ሌላ ማኅበር መሠረት እያወጣ ነው። የእነሱ ካርታ ላይ የእግር መንገድ የለም፤ የእኛን መንገድ የሚዘጋ አጥር ግን አለ። ለኮሚቴያቸው ደብዳቤ ጽፈናል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ቦታው ላይ ቆመን እንነጋገራለን። ሜትሩንና ገመዱን እኔ ነኝ የምይዘው፤ ቡናውን እነሱ ያፈላሉ ተብሏል።