ስለ ዝቅተኛ ኒውትሮፊል

ዛሬ ያየኋት ወጣት የደም ካንሰር እንዳይሆን ተብሎ መቅኔዋ እንዲመረመር ታዞላት ነበር። መነሻው አንድ ቁጥር ነው፤ ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳቷ በማይክሮ ሊትር ከ1,500 በታች ናቸው። ሌላው ውጤቷ ሁሉ ደህና ነው፤ ኢንፌክሽን ደጋግሞ አልያዛትም፤ የቆዩ ውጤቶቿም ተመሳሳይ ናቸው። «ዶክተር፣ ታዲያ ምን ሆኜ ነው?» አለችኝ።

ምንም አልሆነችም። በብዙ አፍሪካውያን፣ እስራኤል በሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያንም ጭምር፣ ዳፊ ከሚባለው ዘረመል መነሻ አጠገብ አንድ የዲኤንኤ ፊደል ተቀይሯል። ዘረመሉ ራሱ ጤነኛ ነው፤ የተለወጠው እንደ መብራት ማብሪያ የሚያገለግለው ቦታ ነው። ጋታ1 የተባለው ፕሮቲን እዚያ ማረፍ ስለማይችል ዘረመሉ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ሥራ ያቆማል፤ በደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ግን ይቀጥላል። ተመራማሪዎች ይህን በ1995 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሳይተዋል።

ቫይቫክስ የተባለው የወባ ተውሳክ ወደ ቀይ የደም ሕዋስ የሚገባው የዳፊ ዘረመል በሚሠራው ፕሮቲን በኩል ስለሆነ ለውጡ ከወባው ይከላከላል። (ፍጹም መከላከያ ግን አይደለም፤ በአገራችን ዳፊ የሌላቸው ሰዎችም በቫይቫክስ መያዛቸው ተመዝግቧል።) ይኸው ለውጥ በደም ውስጥ የሚዘዋወሩትን ኒውትሮፊሎች ቁጥር ዝቅ ያደርጋል፤ በሽታ የመከላከል አቅምን ግን አያዳክምም።

በጣም የሚያሳዝነኝ «ጤናማ» የምንለው መጠን በአብዛኛው ከአውሮፓ ዝርያ ሰዎች ደም የተወሰደ መሆኑ ነው። በዚያ ሚዛን ስንቱ ጤነኛ መቅኔው ተወግቷል! ዳፊ የደም ዓይነት ስለሆነ ከክንድ በሚቀዳ ጥቂት ደም ይታወቃል። የመቅኔውን ትእዛዝ ሰርዤ ይህንን የደም ምርመራ ጻፍኩላት።