ሳህን ባዶውን አይመለስም

ውድ ወዳጆቼና ተከታታዮቼ፣ እንኳን ለጌታችን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ።

ይህን መልእክት የምጽፍላችሁ ታኅሣሥ 28 ቀን፣ በገና ዋዜማ ነው። በየቤቱ ሽንኩርት እየተከተፈ፣ ቄጤማው ተገዝቶ ጥግ ተቀምጦ፣ ልጆች የነገውን ቀን በጉጉት በሚጠብቁበት በዚህ ሰዓት፣ በከተማችን ለሚኖሩ ጥቂት ቤተሰቦች ግን ዛሬ ዋዜማ ሳይሆን ራሱ በዓሉ ነው። የአርመን ሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን ልደትንና ጥምቀትን በአንድነት ጃንዋሪ 6 ቀን ታከብራለችና፣ የእነርሱ ገና ሁልጊዜ ከእኛ ገና በአንድ ቀን ይቀድማል። ዘንድሮ የበዓል መልእክቴን ስለ እነርሱ፣ በተለይም በአራዳ፣ በፒያሳና በአራት ኪሎ መካከል ስላለችው የአርመን ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ላደርገው የወሰንኩት፣ በዚያ ግቢ ታሪኩን የሚናገር አንድ የጎብኚዎች ማዕከል እንዲኖር የእናንተን ድጋፍ ለመጠየቅ ስለምፈልግ ነው።

ባደግኩበት ሰፈር ጎረቤቶቻችን የነበሩት ባልና ሚስት አርመኖች ነበሩ። ባልየው ሰዓት ሠሪ ነበሩ፤ ሰፈሩ በሙሉ «ሙሴ» ይላቸዋል፤ ሚስታቸው ደግሞ «ማዳም» ናቸው። ማዳም በየዓመቱ በእኛ ገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ ጠርዙ ሰማያዊ በሆነ ነጭ የብረት ሳህን ባቅላቫ ይልኩልናል። ባቅላቫው ቅቤ አለበት፤ እኛ ደግሞ ጾም ላይ ነን። እናቴ ሳህኑን በጥልፍ ጨርቅ ሸፍና ቁም ሳጥኑ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ እኔና እህቶቼ ሽታው እየጠራን ሌሊቱን በሙሉ እንዞረዋለን፣ እናቴ ከቅዳሴ ስትመለስ ከዶሮው ወጥ በፊት አፋችን የሚገባው እርሱ ነው። ከዚያም እናቴ ሳህኑን አጥባ፣ ከድፎው ዳቦ ቆርሳ ሞልታ ለእኔ ትሰጠኛለች። «ሳህን ባዶውን አይመለስም» ትለኝ ነበር፣ በየዓመቱ፣ አዲስ ነገር የምታስተምረኝ ይመስል። እኔም በልጅነቴ ገና ማለት ሁለት ቀን የሚውል በዓል ነው ብዬ አምን ነበር።

እነዚህ ሰዎች ከየት መጥተው ጎረቤቶቻችን እንደሆኑ ያወቅኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ነገሩ ከእኛ ሰፈር ይልቅ እጅግ የራቀ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሰንበትን በማክበር ጉዳይ የተሰደዱት አባ ኤዎስጣቴዎስ ረጅም ጉዞ ተጉዘው ያረፉት በአርመኖች አገር ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እቴጌ እሌኒ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላኳቸው መልእክተኛ፣ ማቴዎስ፣ አርመናዊ ነበሩ። በአፄ ምኒልክ ዘመን ደግሞ፣ በኦቶማን ቱርክ ግዛት የሚደርስባቸውን መከራ የሸሹ አንጥረኞች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ጫማ ሠሪዎችና ፎቶ አንሺዎች አዲስ በተቆረቆረችው አዲስ አበባ መስፈር ጀመሩ። ከእነዚህ አንዱ ሰርኪስ ተርዚያን በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ወደ አገራችን ያስመጡ ሲሆን፣ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» አለው፤ ባቡሩ ተሰብሮ የቀረበት ቦታ ዛሬም ሰባራ ባቡር ይባላል። በየቀኑ ታክሲ ውስጥ «ሰባራ ባቡር ወራጅ አለ» የምንል ስንቶቻችን ይህን እናውቃለን?

ሰፋሪ የሚለው ቃል በብዙ አገሮች የሰው መሬት ነጥቆ የተቀመጠን ሰው ያስታውሳል። የአራዳ አርመኖች አሰፋፈር ግን የተጠለለ ሰው አሰፋፈር ነበር፤ ሠራዊትም ሆነ ከጀርባቸው የቆመ መንግሥት ሳይኖራቸው፣ የእጃቸውን ሙያ ይዘው መጡ። ይህን ከሁሉ በላይ የሚያሳየኝ የአርባ ልጆች ታሪክ ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924 ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ፣ በአርመኖች ገዳም የሚያድጉና ወላጆቻቸውን በ1915 በተጀመረው የዘር ጭፍጨፋ ያጡ ወጣቶች የነሐስ መሣሪያ እየተጫወቱ ተቀበሏቸው። ራስ ተፈሪ ከአርመኑ ፓትርያርክ ጋር ተስማምተው አርባውን አስመጧቸው፤ ልጆቹም ከሙዚቃ መሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር በጳጉሜን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ናልባንዲያን ያቀናበሩት ዜማ በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል ላይ ተሰማ፤ እስከ አብዮቱም የአገራችን ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ኖረ። ከአገራቸው የተነቀሉ፣ እናትና አባት የሌላቸው ልጆች ለማያውቁት አገር የክብር ሙዚቃ ሲያሰሙ በዓይነ ኅሊናዬ ስመለከት፣ ምንም ጊዜ ቢሆን ስሜቴ ሳይነካ አያልፍም። የወንድማቸው ልጅ ነርሰስ ናልባንዲያን ደግሞ በማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ክፍልና ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት የሙዚቃ ተጫዋቾችን ትውልድ አሠለጠኑ። በጥንቱ የአዲስ አበባ ሙዚቃ ውስጥ ነፋስ መሣሪያዎቹ ተባብረው ሲነሡ ልባችን የሚሞቅልን ከሆነ፣ የዚያ ሙቀት አንዱ ምንጭ እነዚህ ሰዎች ናቸው።

ቤተ ክርስቲያኗ የተሠራችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935፣ ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዓመት ነው። ማኅበረሰቡ በበዛበት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) 1200 ያህል ሰዎች ነበሩት። ከአብዮቱ በኋላ ቤትና ሱቅ ሲወረስ አብዛኞቹ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳና ወደ አውሮፓ ሄዱ፤ ዛሬ የቀሩት መቶ እንኳ አይሞሉም። ቤተ ክርስቲያኗ ለረጅም ዘመን ነዋሪ ካህን ሳይኖራት በዲያቆን መሪነት ጸሎቷን ሳታቋርጥ ቆይታለች።

ሙሴ ያረፉት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዕድርተኛ ስለነበሩ ድንኳኑን የተከለው ዕድራችን ነው፤ ሬሳውን የተሸከሙት የሰፈራችን ጎልማሶች ናቸው። በዚያ ቀን ወደ አርመን ቤተ ክርስቲያን ለመጀመሪያ ጊዜ ገባሁ። ከማዳም ጎን የቆሙት ዘመዶቻቸው በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ቤተ መቅደሱን የሞላው ነጠላውን ያዘቀዘቀ የእኛ ሰፈር ሰው ነበር። ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ፊደል እንደማውቀው ሁሉ ለማንበብ ሞከርኩ፤ ከሩቅ ሲያዩት የእኛን ፊደል ይመስላል፣ ሲቀርቡት ግን አንድም ቃል አይወጣውም።

በቀጣዩ ታኅሣሥ 28 ማዳም እንደ ወትሮው ባቅላቫ ላኩልን። በዚያው ሌሊት ልጆቻቸው ወዳሉበት ወደ ሎስ አንጀለስ የሚሄዱበት በረራ እንደነበራቸው ለማንም አልነገሩም። በማግስቱ ድፎ ዳቦውን ይዤ በሩን ባንኳኳ የሚከፍት አልነበረም። ቤቱ ለሌላ ሰው ከተሰጠ በኋላ ዕቃው ወደ ደጅ ወጣ፤ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቆራሌው የእንጨት ሣጥን ከፍቶ ወረቀቱን ከብረቱ ይለይ ነበር። ከወደቁት ፎቶግራፎች አንዱን አነሣሁት። የሠርግ ፎቶ ነው፤ ጀርባው ላይ የፎቶ ቤት ማኅተም አለ፣ ከማኅተሙ በታች በቀለም የተጻፈ ሁለት መስመር የአርመን ጽሑፍ አለ። ማንበብ አልቻልኩም። መልሼ ወደ ክምሩ ጣልኩት። በሕይወቴ ካደረግኳቸው ነገሮች ይህን ያህል ደጋግሜ የተጸጸትኩበት ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ያ ወረቀት ምን እንደነበረ ሊነግረኝ የሚችል ሰው ያኔ በከተማችን ውስጥ፣ የሃያ ደቂቃ መንገድ ርቀት ላይ ነበር፣ እኔ ግን የምጠይቅበት ቦታ መኖሩን አላውቅም ነበር።

የጎብኚዎች ማዕከል ስል በአእምሮዬ ያለው ይህ የምንጠይቅበት ቦታ ነው። ትልቅ ሕንፃ አላሰብኩም፤ ከቤተ መቅደሱ ተለይቶ በግቢው ጥግ የሚቆም፣ እንግዳ የሚቀመጥበት አንድ ሰፊ ክፍል በቂ ነው። በውስጡ የአርባ ልጆች ታሪክ በአማርኛ፣ በአርመንኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይሰቀል፤ አማርኛው ይቅደም፣ መጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባው የከተማው ሰው ነውና። የእነርሱን ሙዚቃ የሚያሰማ ማዳመጫ ይኑር። ለምኒልክና ከእርሳቸው በኋላ ለነበሩ ነገሥታት ፎቶ ያነሡ የቦያጂያን ቤተሰብ የሥራ ቅጂዎች ይታዩ። ከሁሉም በላይ ግን ቃል የሚቀዳበት ጠረጴዛ ይኑር፤ ዕድሜያቸው የገፋ አርመኖችና አብረዋቸው የኖሩ ኢትዮጵያውያን የሚያስታውሱትን ዛሬ ካልነገሩን ነገ የሚነግረን የለም፤ ይህ ሥራ ከግንባታው ሳይቀር መቅደም አለበት ብዬ አምናለሁ።

የማይነካ አንድ ነገር አለ። ቤተ ክርስቲያኗ የማኅበረሰቡ የጸሎት ቤት እንጂ ትርኢት አይደለችም፤ ጥቂት ሰዎች በሚጸልዩበት ቦታ ብዙ ጎብኚ ቢገባ ጸሎቱን ሊያውከው ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ፈቃድ መጠየቅ ነው። ማኅበረሰቡ የሚፈልገውን፣ የሚፈቅደውንና የማይፈቅደውን ራሱ ይናገር፣ ቁልፉም በእጁ ይሁን። «አይሆንም» ካሉን አክብረን እንመለስ፤ ቢያንስ የቃል ቀረጻውን ከግቢው ውጭ መሥራት እንችላለን። እንዲህ ያለ ሐሳብ በበጎ ፈቃድ ተጀምሮ ባለቤቱን ሳያማክር ሲሮጥ ምን ያህል እንደሚያቆስል አይቻለሁና፣ በዚህ ነገር ላይ ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ።

አንዳንድ ወዳጆቼ «መቶ ለማይሞላ ሰው ይህ ሁሉ ለምን?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ በዚህች ከተማ የተራበ አለ፣ ቤቱ የፈረሰበትም አለ። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ፣ የኖርንበት ሰፈር ታሪክ ከግድግዳው ጋር አብሮ እንደሚሄድ ሁላችንም በዓይናችን አይተናል። የሰፈሩን ታሪክ በውስጣቸው ይዘው የቆሙት ቦታዎች ጥቂት ናቸው፣ ይህች ቤተ ክርስቲያን ከእነርሱ አንዷ ናት። ደግሞም ማዕከሉ የመቶው ሰው ብቻ አይሆንም፤ የሰርኪስን ባቡር ስም በየቀኑ የሚጠራው፣ በነርሰስ ተማሪዎች ሙዚቃ የጨፈረው፣ የአያቱ ፎቶ በአርመን ፎቶ ቤት የተነሣው ሁሉ ድርሻ አለው።

ገንዘቡን በሚመለከት፣ አንድ ባለጸጋ ወይም አንድ የውጭ ድርጅት ሙሉውን ቢከፍል ደስ አይለኝም። ሙሴን የቀበራቸው ዕድር ብዙ ሰዎች በየወሩ ያዋጡት ጥቂት ገንዘብ ነበር፤ ይህም በዚያው መንገድ ቢሄድ እመርጣለሁ። ብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት ካዋጣ፣ ክፍሉ ከተከፈተ በኋላ የሚጠይቀውና የሚጠብቀው ብዙ ሰው ይኖረዋል። አሁን ግን ገንዘብ አትላኩ፤ ፈቃድ ሳይገኝ የሚሰበሰብ ገንዘብ የለም። አሁን የምፈልገው ሌላ ነው። የቤተሰባችሁን አልበም አውጡና የፎቶዎቹን ጀርባ ተመልከቱ፤ የአርመን ፎቶ ቤት ማኅተም ካገኛችሁ ፎቶውን ሳትጥሉ ንገሩኝ። በጡረታ ላይ ያላችሁ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የማዘጋጃ ቤት ሙዚቀኞች፣ ያስተማሯችሁን ሰዎች ታሪክ ለመናገር ዝግጁ ከሆናችሁ አሳውቁኝ፤ ወደ ቤታችሁ መጥቼ እቀዳለሁ። በታሪክና በሥነ ሕንፃ የተማራችሁ ወጣቶች ቅዳሜያችሁን ስጡ። በሎስ አንጀለስና በቶሮንቶ የምትኖሩ ደግሞ፣ እዚያ ካሉ የአዲስ አበባ አርመኖች ጋር መተዋወቅ አይከብዳችሁም፤ እህቴ በሎስ አንጀለስ አንድ የእኛ ሱቅ ውስጥ በርበሬ ስትመርጥ፣ አንዲት ነጭ ፀጉር ያላቸው እናት ከኋላዋ መጥተው «ይሄ አይሆንሽም፣ የዚያኛው ቀለም ይሻላል» ብለው በጠራ የአራዳ አማርኛ መክረዋታል። እንዲህ ያሉ እናቶችን ጠይቁልን፣ ድምፃቸውንም ቅዱልን።

በጥር 1957 ዓ.ም. የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ እኅት አብያተ ክርስቲያናት አባቶች በአዲስ አበባ ሲሰበሰቡ፣ የአርመኖቹ ካቶሊኮስ፣ ማለትም የበላይ ፓትርያርካቸው፣ ቀዳማዊ ቫዝገንም ከመካከላቸው ነበሩ። ወንድማማችነቱ በአባቶች ደረጃ ተመዝግቧል፤ በሳህን ደረጃ የነበረውን ግን የመዘገበው የለም።

እኔ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለአርመን ወዳጆቼ «እንኳን አደረሳችሁ» ለማለት ወደ አራዳ እወርዳለሁ፤ ስለ ክፍሉም ፈቃዳቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ የምጠይቀው በዚሁ አጋጣሚ ነው። እናቴ ከማረፏ በፊት አደራ ያለችኝን የማዳምን ሳህን፣ ነጩን፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነውን፣ ከቁም ሳጥኑ አውርጄ አጥቤዋለሁ። ድፎ ዳቦው ገና ትኩስ ስለሆነ፣ ሲበርድ ቆርሼ እሞላዋለሁ።

መልካም የልደት በዓል ይሁንላችሁ።