ምዝገባ በስንት ሰዓት ነው? የአራተኛ ወር ማስታወሻ

ድረ ገጽ መሥራት መማር ከጀመርኩ አራት ወር ሞላኝ። ኮልፌ አካባቢ ላለ ትንሽ የበጎ አድራጎት ማኅበር ገጽ እየሠራሁ ነው። ማኅበሩ ኑሮ የከበዳቸውን ቤተሰቦች ይረዳል። ለተማሪዎች ደብተርና ዩኒፎርም ይሰጣል፣ ለአራስ እናቶች አልሚ ምግብ ያቀርባል፣ የምክር አገልግሎትም አለው። ቢሮው አንዲት ክፍል ናት፣ ኮምፒውተሩም አንድ ነው።

የመጀመሪያው ወር ያለቀው የፊት ገጹን በማሳመር ነበር። ትልልቅ ፎቶዎች፣ ደመቅ ያለ «ይለግሱ» የሚል ቁልፍ። ለጋሽ ሲያየው ደስ ይለዋል ብዬ ነው። እርዳታ ፈልጋ ገጹን የምትከፍት እናት ግን ሌላ ነገር ነው የምትፈልገው፦ ቦታው የት ነው፣ መቼ ልምጣ፣ ምን ይዤ ልምጣ።

«መቼ» የሚለው ላይ የሠራሁት ስህተት እስካሁን ይቆረቁረኛል። ገጹ ላይ «ምዝገባ ከ8:30 እስከ 11:30» ብዬ ጻፍኩ። በፈረንጅ ሰዓት ማሰቤ ነው፤ በእኛ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ማለት ነው። አንዲት እናት በእኛው ሰዓት አነበበችው። ልጇን አዝላ፣ ሁለት ታክሲ ይዛ፣ ከሰዓት በኋላ ስምንት ተኩል ላይ ደረሰች። ምዝገባው ካበቃ ሦስት ሰዓት አልፎታል። ጥፋቱ የኔ ነው። ቁጥሩ በሁለቱም አቆጣጠር የሥራ ሰዓት ስለሚመስል ከእኛ ማንም አልጠረጠረም። አሁን «ጠዋት ከ2:30 እስከ 5:30» ይላል። «ጠዋት» የምትለዋን ቃል እንዳትረሷት።

ከዚያ በኋላ ገጹ ላይ ያለውን የእርዳታ መጠየቂያ ቅጽ ሰው ሳላስሞክር አልተውም አልኩ። የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያው ጃኮብ ኒልሰን በ2000 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ አምስት ሰው ማስሞከር አብዛኛውን ችግር ያወጣል። እኔም አምስት ሰው ለመንኩ። ስልኩን ሰጥቼ አጠገባቸው ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ዝም ማለቱ ነው ከባዱ፤ እጅ «እዚህ ጋ ይጫኑ» ለማለት ይቸኩላል።

ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናት «የቤተሰብ ስም» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ልጄ፣ ይሄ የማን ነው? የኔ ነው የልጆቹ?» አሉኝ። ቅጹን የወሰድኩበት ቴምፕሌት (ዝግጁ ናሙና) የውጭ ነው፤ እኔ ቃሉን ብቻ ነበር ወደ አማርኛ የመለስኩት። እኛ ጋ ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው የሚጠራው። እናትና ልጅ የሚጋሩት ስም የለም። ባለፉት ሳምንታት የገቡትን ቅጾች ሳይ፣ እዚያ ቦታ ላይ የባሏን ስም የጻፈች አለች፣ የቤተሰቡን ሁሉ ስም በተርታ የደረደረችም አለች። አሁን ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብዬ ከፋፈልኩት። የልጁም ስም ከእናቱ ተለይቶ ለብቻው ይሞላል።

ቁልፉ ላይ ደግሞ «ላክ» ብዬ ነበር። የሚሞሉት እናቶች ሆነው ገጹ ወንድ ነው የሚያዘው፣ ያውም በአንተ። «ይላኩ» ብዬ ቀየርኩት። ሌሎቹንም መልእክቶች አንድ በአንድ አየሁ። «የተሳሳተ ግቤት» የሚለውን «ስልክ ቁጥሩ አንድ አሃዝ ጎድሎታል፣ እባክዎ ይመልከቱት» አደረግኩት። ከሠራሁት ሁሉ በጣም ደስ ያለኝ ይሄ ነው።

ስልክ ካነሳን አይቀር፣ የቀዳሁት ኮድ በ09 የሚጀምር ቁጥር ብቻ ነበር የሚቀበለው። ሳፋሪኮም በ2022 እ.ኤ.አ. አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምር ቁጥር ያለው ሰው ብዙ ነው። ከአምስቱ ሁለቱ እዚህ ጋ ተይዘው ቀሩ። እናንተም ኮዳችሁን እዩት።

የበለጠው ትምህርት የመጣው ግን ከማኅበሩ ማኅበራዊ ሠራተኛ ነው። «ስልኩ የእሷ ላይሆን ይችላል» አለችኝ። የባል ይሆናል፣ የጎረቤት ይሆናል። እኔ ደግሞ ቅጹ እንደተሞላ የማኅበሩን ስምና የተጠየቀውን እርዳታ ዘርዝሮ አጭር መልእክት እንዲልክ አድርጌው ነበር። ያንን ማን እንደሚያነበው አላሰብኩም። አሁን መልእክቱ «ጥያቄዎ ደርሶናል» ብቻ ይላል። ቅጹ ላይም «በስንት ሰዓት ብንደውል ይመችዎታል?» የሚል ጥያቄ ገባ። «ችግርዎን ይግለጹ» የሚለውን ሰፊ ሳጥን አወጣሁት። ሰው ጓዳውን ለማያውቀው ስክሪን እንዲዘረግፍ መጠየቅ ተገቢ አይደለም፤ እሱ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚወራ ነው። የልጆቹን ፊት የሚያሳዩ ፎቶዎችም ወርደዋል። አሁን ያለው የደብተርና የዩኒፎርም ፎቶ ነው።

ስለ ፊደሉ በአጭሩ፦ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ነው የተጠቀምኩት፣ በነጻ ይገኛል። በ14 ፒክስል ጸ እና ጰ አይለዩም ነበር። 18 አድርጌ በመስመሮቹ መካከል ሰፋ ያለ ቦታ ተውኩ። ያጋደለ ጽሑፍ በአማርኛ ስለማያምር አጠፋሁት። ፎቶዎቹንም አሳነስኳቸው። የመጀመሪያው ፎቶ ብቻውን 4 ሜጋባይት ነበር፣ አሁን ከ100 ኪሎባይት በታች ነው። ካርድ የሚሞላው ሰው ሳንቲም ቆጥሮ ነው።

ለለጋሾች የቴሌብርና የባንክ ቁጥሩ ገጹ ግርጌ ላይ አለ። በአንድ ንክኪ ይቀዳል። እሱ አላስቸገረኝም።

ለቀጣዩ ወር የያዝኩት የአፋን ኦሮሞውን ገጽ ነው። ትርጉሙን ቋንቋው አፍ መፍቻዋ የሆነች የማኅበሩ በጎ ፈቃደኛ ጨርሳዋለች። ቃላቱ በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ ይረዝማሉ፤ ሁለት ቁልፎች ላይ ጽሑፉ ከሳጥኑ ወጥቶብኛል። ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ደግሞ ጥያቄዎቹን በድምፅ ቀርጬ ላስገባ አስቤያለሁ። ድምፅን ዳታ ሳይበላ ገጽ ላይ ያስገባ ካላችሁ፣ እንዴት እንዳደረጋችሁት ጻፉልኝ።