ስልጠናችንን ከዱቄት ወተት ነጋዴ ገንዘብ እንዴት እንዳላቀቅን

አዲስ አበባ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ነኝ። የእናቶችና ሕፃናት ክፍል ባለሙያዎች ዓመታዊ ስልጠና የሚያዘጋጀው ኮሚቴ አባልም ነኝ። አሁን ስልጠናው ከዱቄት ወተት አስመጪዎች ምንም ገንዘብ አይወስድም። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ሊሞክር የሚያስብ ካለ ይጠቅመዋል።

ነገሩ የተነሳው በጀት ስናወጣ ነው። አንድ የአስመጪ ወኪል መጥቶ አዳራሹንም ምሳውንም እኛ እንሸፍን አለ። ትሁት ሰው ነው። የጠየቀውም ትንሽ ይመስላል፦ መግቢያው ላይ አንድ ጠረጴዛ፣ ቦርሳው ላይ አርማ፣ የተሳታፊዎች ስም ከነስልካቸው። እኔን ያሳሰበኝ የስልኩ ዝርዝር ነው። ምሳ በማግስቱ ይረሳል፤ ስልክ ቁጥር ግን ዓመቱን ሙሉ ይደወልበታል። ‹‹ወተቴ አልበቃ አለው›› የምትል እናት መጀመሪያ የምታማክረው እኛን ነው። ነጋዴውም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ኮሚቴው ውስጥ ‹‹ይፋ እስካደረግነው ድረስ ምን ችግር አለው?›› ያሉ ነበሩ። እውነት ነው፤ የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1981 ያጸደቀው የጡት ወተት ተተኪዎች (እንደ ዱቄት ወተት ያሉ) ግብይት ደንብ፣ ባለሙያ በኩባንያ ወጪ ስብሰባ ሲሄድ ኩባንያው ለመሥሪያ ቤቱ ያሳውቅ ነው የሚለው። እ.ኤ.አ. በ2016 ለጉባኤው የቀረበው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ግን ከዚህ አልፎ ሄዷል። እነዚህ ኩባንያዎች የጤና ባለሙያ ስብሰባ ስፖንሰር እንዳያደርጉ፣ ማኅበራትም እንዳይፈቅዱላቸው ይላል። የሚመለከተውም እስከ 36 ወር ላሉ ልጆች የሚሸጠውን ምግብ ነው። ስለዚህ ‹‹የእኛ ወተት ከአንድ ዓመት በላይ ላሉት ነው›› ማለት አያዋጣም። የእንግሊዝ የሕፃናት ሐኪሞች የሙያ ማኅበር የሆነው ሮያል ኮሌጅም እ.ኤ.አ. በ2019 ከእነዚህ ኩባንያዎች ገንዘብ መቀበል ማቆሙን ስነግራቸው ክርክሩ ረገበ።

ከዚያ ወጪ ቆረጥን። ሆቴሉ ቀርቶ የሆስፒታል አዳራሽ ለመንን። ቦርሳና ፎልደር ቀረ፤ ጽሑፉን በቴሌግራም ላክን። ምሳ ከካፍቴሪያው ሆነ።

ያስቸገረን አበል ነው። ‹‹አበል ከሌለ ማን ይመጣል?›› ተባለ። የባለሙያ ደሞዝ ይታወቃል፤ ጥያቄውን እንደ ስስት ማየት ትክክል አይመስለኝም። ካለችን የመመዝገቢያ ገንዘብ ትራንስፖርት የከፈልነው ከከተማ ውጭ ለሚመጡት ብቻ ነው። ለሌላው ሰው ደግሞ ስልጠናው ለሙያ ፈቃድ እድሳት የሚያዝ ነጥብ እንዲያስገኝ አስቀድመን አስፈቀድን። የቀሩ አሉ። የመጡት ግን እስከ ማታ ቁጭ ብለው ጠየቁ።

‹ከእነዚህ ነጋዴዎች አንቀበልም› የሚለውን ፖሊሲ ማንም ስጦታ ሳያቀርብ በፊት ጽፎ ማስፈረም ትልቅ ነገር ነው። ገንዘቡ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ በኋላ እምቢ ማለት ይከብዳል፤ ሰው ይቀየማል። ከዱቄት ወተት ሌላ ጡጦ፣ የጡጦ ጫፍ፣ የሕፃናት የገንፎ ዱቄት የሚሸጡትንም፣ አከፋፋዮቻቸውንም ጨመርን። ከዓመት በኋላ ያው ወኪል የታሸገ ውሃ ላቅርብላችሁ ሲል ወረቀቱን አሳየነው፤ ቅር ሳይለው ሄደ።

ተናጋሪዎችም በመጀመሪያው ስላይዳቸው ላይ ከማን ምን እንደወሰዱ ይጽፋሉ። አንዴ የአንድ አንጋፋ የሕፃናት ሐኪም ስላይድ ቀድሞ ሲደርሰን፣ ግርጌው ላይ ትንሽ የኩባንያ አርማ አየሁ። ደወልኩላቸው። ‹‹ዶክተር፣ ይቺ አርማ ከየት መጣች?›› ስላቸው ስላይዱ ተዘጋጅቶ እንደተሰጣቸው ነገሩኝ። አርማውን ብቻ አጥፉልኝ አላልኩም፤ ሠንጠረዦቹም የኩባንያው ነበሩ። ‹‹የራስዎን ታካሚዎች ይዘው ይምጡልን›› አልኳቸው። የዚያን ዓመት ጥሩው ገለጻ የሳቸው ነበር።

ጡት ማጥባት የማትችል እናት አለች፤ ዱቄት ወተት የግድ የሚያስፈልገው ሕፃን አለ። ይህንንም እናስተምራለን፤ አስተማሪው ግን ሻጩ አይደለም።

አሁን የመመዝገቢያው ክፍያ ለጀማሪ ነርሶች ከብዷል። ለእነሱ ግማሽ እንዲሆን፣ ቀሪውን ነባሮቹ እንድንሸፍነው ኮሚቴው ላይ እየተነጋገርንበት ነው።