ለዓይኔ ጥቂት፣ ለጆሮዬ ብዙ፦ ከፒዲኤፍ ጋር ስምንት ወር

ግላኮማ የግራ ዓይኔን ከወሰደው ቆየ። በቀኙ ዛሬም አነባለሁ። ፊደሉ ትልቅ፣ ጀርባው ጥቁር ከሆነልኝ ማለት ነው። ሥራዬ ሰው ሀብት ክፍል ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የሚመጣልኝ ፒዲኤፍ ነው፤ ደብዳቤ፣ መመሪያ፣ አዋጅ፣ የደመወዝ ሰንጠረዥ። መስከረም ላይ አራት ገጽ አንብቤ ስጨርስ ዓይኔ በእንባ ይሞላል፣ አንገቴ ይደነዝዛል። አሁን ግንቦት ነው፤ ሠላሳ ገጽ አንብቤ ሻይ እጠጣለሁ። በመሀል ያለፍኩበትን ልንገራችሁ፤ ከእናንተም አንዱ መንገድ ያሳጥርበት ይሆናል።

የጀመርኩት በዊንዶውስ ማጉያ ብቻ ነበር። የዊንዶውስ ቁልፍና የመደመር ምልክት አንድ ላይ ሲነኩ ይከፈታል፤ በዊንዶውስ ቁልፍና በኢስኬፕ ይዘጋል። 400 ፐርሰንት ላይ አድርጌ መስመር መስመሩን እከተላለሁ። በአንድ ጊዜ የሚታየኝ ሁለት ሦስት ቃል ነው። ወደ ቀኝ እሄድና ለቀጣዩ መስመር ወደ ግራ ስመለስ መነሻው ይጠፋኛል። ያነበብኩትን ደግሜ አነባለሁ፤ ወይም አንድ መስመር ዘልዬ ሐሳቡ ይምታታብኛል። ሦስት ወር እንዲህ ለፋሁ።

በዚያ ጊዜ ሁለት ነገር ጠቀመኝ። አንደኛው፣ ማጉያው የሚያጎላው ስክሪኑ ላይ ያለውን ምስል ስለሆነ በጣም ሲያድግ ፊደሉ ይደበዝዛል። ፒዲኤፉን ራሱን በአክሮባት ሪደር (በፒዲኤፍ መክፈቻው ፕሮግራም) ውስጥ ካሳደጋችሁት ግን ፊደሉ እንደ አዲስ ስለሚሳል ጥርት ይላል። እዚያው ኮንትሮልና 4 ስትነኩ ደግሞ ጽሑፉ በስክሪኑ ስፋት ልክ ይታጠፋል፤ ግራ ቀኝ መመላለስ ቀረ ማለት ነው። ሁለተኛው ቀለም ነው። አክሮባት ጀርባውን ጥቁር፣ ፊደሉን ነጭ ወይም ቢጫ ያደርግልኛል። ስካን የተደረገ ገጽ ላይ ግን ገጹ ፎቶ ስለሆነ አይሠራም። ለእሱ የማጉያውን ቀለም መገልበጫ እጠቀማለሁ፤ ኮንትሮል፣ አልትና አይ።

ታኅሣሥ ላይ ኤንቪዲኤን ጫንኩ። በ2006 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ሁለት ዓይነ ስውራን የጀመሩት ነፃ ስክሪን አንባቢ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነብልሃል። አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የሚባል ድምፅ አማርኛ ያነባል። ድምፁ የማሽን ነው፤ ለመልመድ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ረጅም ነገር ሲሆን ፒዲኤፉን በማይክሮሶፍት ኤጅ ከፍቼ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዩ እነካለሁ፤ ኤጅ ራሱ ጮክ ብሎ ያነብልኛል። መቅደስና አምሃ የሚባሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉት፤ ሰው የሚያነብልህ ነው የሚመስለው። ኢንተርኔት ከሌለ ግን የሉም። ስለዚህ ኢስፒክን አልተውኩትም።

ከዚህ በኋላ የገጠመኝ ጣጣ የራሳችን ፊደል ጣጣ ነው። አንድ መመሪያ ከፈትኩ። በዓይኔ ሳየው ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ኤንቪዲኤ ግን የእንግሊዝኛ ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ስም ይደረድርልኛል። ፕሮግራሙ የተበላሸ መስሎኝ አጥፍቼ ጫንኩት። ለካ ችግሩ ፎንቱ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ፊደልን የሚያውቁበት የጋራ ሰንጠረዥ ውስጥ) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የድሮዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የእኛን ፊደል መልክ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ዓይን «ሠ»ን ያያል፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ሌላ ነገር ነው። በእነዚህ ፎንቶች የሚጽፍ ሰው ዛሬም አለ። እናንተም ስትጠራጠሩ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉት። ላቲን ከወጣ ጊዜያችሁን አታቃጥሉ፤ እንደ ፎቶ ቁጠሩት።

ፎቶውን ወደ ጽሑፍ የምቀይረው በጎግል ድራይቭ ነው። ፋይሉን ጭኜ በጎግል ዶክስ ክፈት እለዋለሁ፤ የአማርኛውን ጽሑፍ ያወጣልኛል። ነጋሪት ጋዜጣ ግን አማርኛው በግራ፣ እንግሊዝኛው በቀኝ ስለሆነ ሁለቱን ቀላቀለብኝ። ግማሽ ዓረፍተ ነገር አማርኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ። አሁን የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ሺፍትና ኤስ ነክቼ የግራውን ዓምድ ብቻ ቆርጬ አወጣለሁ። አሰልቺ ነው፤ ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን በዚህ መንገድ ጨርሼዋለሁ። አንቀጽ 77ን፣ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን የሚለውን፣ ድሮ ጓደኛዬን አስነብብ ነበር። የካቲት ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማሁት። ደግሜ ከፈትኩት፣ ደግሜ ሰማሁት።

የተቀየረው ጽሑፍ ስህተት አያጣውም። «ለሠራተኛው» የነበረው «ሰሠራተኛው» ሆኖ ይመጣል። ይህን ጆሮ ወዲያው ይይዘዋል። አደገኛው ቁጥር ነው። ከአንድ የደመወዝ ማስተካከያ ደብዳቤ ላይ 8,650 የነበረው 6,650 ሆኖ ተነበበልኝ። ሲሰማ ምንም አይልም፤ ትክክል ነው የሚመስለው። ዋናውን ገጽ 500 ፐርሰንት አጉልቼ ሳየው ነው የባነንኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራውን ከፈልኩት። ሐተታውን ጆሮዬ ያነባል። ቁጥር፣ ቀን፣ ስምና ፊርማ ዓይኔ ያያል። ቀን ሙሉ መስመር ሲከተል የነበረ ዓይን አሁን የሚፈለግበት ቦታ ላይ ብቻ ይሠራል። የእንባው ነገርም በዚሁ ቀረ።

ፋይል ውስጥ አንድ ቃል ስትፈልጉ ደግሞ ፊደሉን ቀያይራችሁ ሞክሩ። «አንቀፅ» ብዬ ፈልጌ የለም ያለኝ ፋይል «አንቀጽ» ስለው ብዙ ቦታ አገኘልኝ። «ሠራተኛ»ና «ሰራተኛ»ም እንደዚያው።

የሥራ ባልደረቦቼን አንድ ነገር ለመንኳቸው፤ ደብዳቤውን አትመው ስካን ከማድረግ ይልቅ ከወርድ ላይ በቀጥታ «ሴቭ አዝ ፒዲኤፍ» እንዲያደርጉልኝ። «ፕሪንት» በሚለው በኩል ፒዲኤፍ ሲደረግ የርዕሶቹ ምልክት ይጠፋል፤ በቀጥታ ሴቭ ከተደረገ ግን በኤንቪዲኤ ኤች እየነካሁ ከርዕስ ወደ ርዕስ እዘላለሁ። አሁን አብዛኞቹ እንዲህ ይልኩልኛል።

ያልተፈታልኝ ሰንጠረዥ ነው። አሥራ ሁለት ዓምድ ያለው፣ ስካን የተደረገ የደመወዝ መክፈያ ሲመጣ ቁጥሩ ከስሙ ይለያይብኛል። ለጊዜው በማስመሪያ እንደሚያነብ ሰው በማጉያው የሌንስ መስኮት ረድፍ በረድፍ እወርዳለሁ። የተሻለ ዘዴ ያገኛችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ የሰኔው መክፈያ ሊደርስ ነው።