43 ጊዜ የተጠሩት ባለዕዳ

ደሴ ውስጥ ከጦሳ ተራራ ሥር የሚገኘው የሰፈራችን ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው ማለቴ ነው፣ የአባላቱን መዋጮ ሲመዘግብ የኖረው ጠርዙ በተበላ ደብተር ላይ ነበር። ባለፈው ክረምት ጣሪያው አፍስሶ ደብተሩን ካራሰው በኋላ የቅሬው መሪ፣ ዳኛ የምንላቸው፣ አስጠሩኝና «አንተ ኮምፒዩተር ተምረሃል አይደል? ይህን ነገር ከዝናብ አውጣልን» አሉኝ። እምቢ ለማለት ድፍረቱ አልነበረኝም፤ ቢኖረኝም እናቴ አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ፒኤችፒ በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈና መዝገቡን ማይኤስኪውኤል በተባለ ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ሠርቼ አስረከብኩ።

ለዳታቤዙ የምልካቸውን መጠይቆች በሙሉ የሠራኋቸው በፕሪፔርድ ስቴትመንት ነው። ይኸውም የመጠይቁ ዐረፍተ ነገር ብቻውን ቀድሞ ይላካል፤ ተለዋዋጩ ዋጋ በሚገባበት ስፍራ የጥያቄ ምልክት ይቀመጥና ዋጋው ለብቻው ይከተላል። በዚህ ምክንያት አንድ ተንኮለኛ በመፈለጊያው ሣጥን ውስጥ ሙሉ ትእዛዝ ቢጽፍ እንኳ ዳታቤዙ እንደ ተራ ስም ይፈልገዋል እንጂ አይታዘዝለትም። የሰፈራችን ጎረምሶች የቅሬውን መዝገብ ሊዘርፉ ይነሣሉ ብዬ አልነበረም፤ ሆኖም በዚህ ጥንቃቄዬ ለብዙ ቀናት ኮራሁ። በሩን እንዲያ ቆልፌ ሳበቃ ጉዱ የፈላው ከጓዳ ሆነ።

በላፕቶፔ ላይ ሁሉም ነገር ቀላል ነበር፤ ጌት ሪዘልት የተባለው ተግባር ውጤቱን ይሰጠኛል፣ እኔም ረድፎቹን ወደ አሬይ፣ ብዙ ዋጋዎችን በተራ ወደሚይዝ ዝርዝር፣ እገለብጣለሁ። ተግባሩ የሚገኘው ግን ፒኤችፒን ከዳታቤዙ የሚያገናኘው ማይኤስኪውኤልኤንዲ የተባለው ድራይቨር ካለ ብቻ ነው፤ በርካሽነቱ መርጬ የተከራየሁት ሰርቨር ደግሞ ይህ አልነበረውም። ስለዚህ ባይንድ ሪዘልት ወደተባለው ሌላ ተግባር ዞርኩ። በዚህኛው መንገድ ለየዓምዱ አንድ ተለዋዋጭ (የዋጋ መያዣ) ይታሰራል፤ ፌች፣ ማለትም አምጣ፣ በተባለ ቁጥር ቀጣዩ ረድፍ መጥቶ በእነዚያው ተለዋዋጮች ውስጥ ይሰፍራል። እኔም የዓምዶቹን ስም ከውጤቱ አንብቤ የአንዲት ትንሽ አሬይ ክፍሎችን ቦታን በሚጠቁም ማሰሪያ፣ በሪፈረንስ፣ አሰርኩና፣ በየዙሩ ትንሿን አሬይ በትልቁ አሬይ ጀርባ ላይ እየጨመርኩ ሄድኩ። ለሙከራም አንድ ባለዕዳ ብቻ አስገባሁ፤ እርሱም እኔው ነበርኩ። ስሜ በትክክል ወጣ፤ ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ማታ ውዝፍ ያለባቸውን አባላት ዝርዝር ፒያሳ ወስጄ በትልቅ ወረቀት አሳተምኩ። ሳላነበው ነው፤ ይህን አልክድም። እሑድ ጠዋት ከስብሰባው በፊት ግድግዳው ላይ ለጠፍኩትና አንዲት ወንበር ይዤ ምስጋና መጠበቅ ጀመርኩ።

ወረቀቱ 43 መስመር ነበረው፤ በ43ቱም ላይ የአንድ ሰው ስም፣ ከፊት ለፊቱም 40 ብር ተጽፎ ነበር። ዝርዝሩ በፊደል ተራ የተደረደረ ስለሆነ የመጨረሻው ረድፍ የደረሰው ስማቸው በ«ፈ» ለሚጀምር አንድ ጡረተኛ አዛውንት ነው። እኚህ ሰው ቀብር ቀርተው የማያውቁ፣ አንድ ወር ብቻ ታመው መዋጮ ያሳለፉ የተከበሩ አባት ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች ቀስ ብለው አነበቡ። ከዚያም ወደ ዳኛው ዞረው «ሐጂ፣ ቅሬው የሚቀብረኝ አንድ ጊዜ ነው። ስለምን 43 ጊዜ ክፈል ትሉኛላችሁ?» አሉ። እውነተኞቹ 42 ባለዕዳዎች በዚያች ሰዓት ያሳዩት ጸጥታና ጨዋነት እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ላፕቶፔን ከፍቼ ላብ እያጠመቀኝ ስመረምር ነገሩ ተገለጠልኝ፤ ለሐጂ ማስረዳቱ ግን ከማስተካከሉ ይልቅ ያስፈራኝ ነበር። «ትንሿ አሬይ የያዘችው ስሞቹን ሳይሆን ስሞቹ የሚጻፉበትን ቦታ ነው፤ ብትገለበጥም ያው ቦታ ነው የሚከተላት፤ ስለዚህ...» ብዬ ስጀምር አቋረጡኝ። «ቁርኣን ቤት ሳለን ሉሕ ላይ እንጽፍ ነበር» አሉ፤ «የቀራነውን እናጥብና በዚያው እንጨት ላይ ሌላ እንጽፋለን። አንተ ጽሑፉን ወረቀት ላይ በመገልበጥ ፈንታ 43 ጊዜ ‹ሉሑን እዩ› ብለህ ጽፈሃል። ሰው ሄዶ ሲያይ የሚያገኘው የመጨረሻውን ነው።» ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ስኖር ሪፈረንስን እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ አልነበረም።

መፍትሔው ሦስት መስመር ነበር፤ በየዙሩ አዲስ አሬይ ከፍቶ ዋጋዎቹን አንድ በአንድ ወደ እርሷ መገልበጥና ትልቁ ላይ የምትጨመረው እርሷ እንድትሆን ማድረግ። ማተሚያ ቤቱ ግን እሑድ ዝግ ነው። አዛውንቱም ወረቀቱ እንዲነሣ ፈቃደኛ አልሆኑም፤ ስማቸው በአደባባይ እንደተጻፈ በአደባባይ ይሰረዝ ዘንድ ጠየቁ። እስክሪብቶ ተሰጠኝና ጉባኤው ሁሉ እያየ አንድ፣ ሁለት እያልኩ እሰርዝ ጀመር፤ እርሳቸውም አጠገቤ ቆመው ይቆጥራሉ። 42 ላይ ስደርስ እጄን ያዙኝ፤ ከኪሳቸው 40 ብር አውጥተው ለገንዘብ ያዡ ሰጡና «ይህችኛዋ የራሴ ናት፤ አሁን ሰርዛት» አሉኝ።